ማስተካከያ፦ የእንግሊዝ ኮረብታዎች ስም ሁሉ ከቫይኪንጎች አልመጣም

ስለ እንግሊዝ የገጠር ዘዬዎች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ኮረብታን የሚያመለክቱት የቆዩ ቃላት በሙሉ ከስካንዲኔቪያ በባህር ከመጡት ወራሪዎች፣ ከቫይኪንጎች፣ የተገኙ ናቸው ብለን ነበር። ስህተት ነው። «ፌል» በእርግጥ የእነርሱ ነው፤ «ፊያል» ከሚለው የቋንቋቸው፣ የጥንት ኖርስ፣ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ 978 ሜትር ከፍታ ባለው የእንግሊዝ ተራራ በስካፌል ፓይክ ስም ውስጥ ዛሬም ይሰማል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዳርትሙር ያሉት ድንጋያማ ጉብታዎች የሚጠሩበት «ቶር» ግን ከጥንቶቹ የአገሩ ነዋሪዎች ከኬልቶች የተወረሰ ነው። «ሎው» ደግሞ ከኬልቶች በኋላ ከአውሮፓ ዋና ምድር መጥተው የሰፈሩት የአንግሎ ሳክሶኖች ቃል ሲሆን፣ ኮረብታንም የመቃብር ጉብታንም ያመለክት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስህተታችን ላንክሻየር ውስጥ የሚገኘውን ፔንድል ሂልን የሚመለከተው ነው፤ ፔንድልን የሰው ስም አድርገነው ነበር። «ፔን» በጥንቶቹ ብሪታንያውያን ቋንቋ ራስ ወይም ኮረብታ ማለት ነው። በኋላ የመጡት አንግሎ ሳክሶኖች ትርጉሙን ሳያውቁ «ሂል» ጨመሩበት፤ ሁለቱ ተዋህደው ፔንድል ሆኑ። ይህም ተረስቶ ኖሮ ሌላ «ሂል» ተቀጠለበት። ምስኪኑ ተራራ እንግዲህ «ኮረብታ ኮረብታ ኮረብታ» እየተባለ ይጠራል።