በሰዓት ስድስት ኪሎሜትር

አጎቴ ባለፈው ሐምሌ ከደሴ ለንደን ሊጠይቁን መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን በኤንትሬ የጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ የአሰብ መስመር ሹፌር ናቸው። መስመሩ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ ታርማበርን ስንት ጊዜ ወጥተው እንደወረዱ ራሳቸውም አያውቁትም። ሙዚየም አሳየናቸው፣ ድልድይ አሳየናቸው፤ ዝም ብለው ያያሉ። ባለቤቴ «ጀልባ ተከራይተን ቦይ ላይ ሦስት ቀን ብንቆይስ?» ስትል ነው ፊታቸው የፈካው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም «ሞተሩ ምንድን ነው?» የሚል ነበር።

ናሮውቦት ይሉታል። ወርዱ 2 ሜትር ከትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከ20 ሜትር የሚያልፍም አለ። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ሻወር አለው። በናፍታ ይሄዳል። ለኪራይ ጀልባ መንጃ ፈቃድ አልተጠየቅንም፤ አከራዮቹ አንድ ሰዓት ያህል አሳይተው ቁልፉን ሰጡን። የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ 6 ኪሎሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይቀድምሃል። ቦዮቹ ከ200 ዓመት በፊት ለድንጋይ ከሰልና ለሸቀጥ የተቆፈሩ ናቸው። ጀልባውን ዳር ዳሩን የሚሄድ ፈረስ ይጎትተው ነበር። የፈረሱ መንገድ ዛሬም አለ፤ ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

የተነሳነው ኖርዝሃምፕተንሸር ውስጥ ካለችው ከብራውንስተን መንደር ነው። ስድስት ሎክ ወጣን። ሎክ ከፊትና ከኋላ በር ያለው የውሃ ክፍል ነው። ጀልባው ገብቶ በሩ ሲዘጋ ውሃ ይሞላና ወደ ላይኛው ቦይ ያነሳሃል። ከዚያ በ1796 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዋሻ ይመጣል፤ ርዝመቱ 1,867 ሜትር ነው። ድሮ ፈረሱን በኮረብታው ላይ ያዞሩትና ሰዎቹ ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ነበር የሚያሻግሩት። ይህን ስነግራቸው ጋሼ በጨለማው ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው የረጠበውን ጡብ ነኩት።

መጀመሪያ ያስቸገረን ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ኤሊካ ነው። ከዋሻው እንደወጣን ጀልባው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጭሱ ጠቆረ፣ መሪውም አልታዘዝ አለ። ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን ነቀልን። ከኤሊካው በላይ ያለውን ክዳን ከፍቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ፣ ሽቦና የአንሶላ ቁራጭ አንድ ላይ ተጠምጥመዋል። በፒንሳ እየቆራረጥኩ አወጣሁት። ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ ኤሊካው ውሃውን ወደ ውስጥ ይረጨዋል፤ በዚህ ምክንያት የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ። ጋሼ ሁለት ጊዜ በእጃቸው ፈትሸው ነው ያስነሱን።

ዋናው ችግር የመጣው በማግስቱ ባክቢ ላይ ነው። እዚያ ሰባት ሎክ ቁልቁል ይወረዳል። አካባቢው የሚገርም ነው፤ ቦዩ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የድሮው ኤ5 መንገድና ኤም1 የሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና እዚያ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚሄዱት። ውሃው ላይ ዳክዬ ይንሳፈፋል፤ ከዛፎቹ ጀርባ ደግሞ የኤም1 ጩኸት አያባራም። አንዱን ሎክ ጨርሰን ወደሚቀጥለው ስንጠጋ ከሥር «ጧ» አለ። የባትሪው መብራት በራ። እኔ መብራቱን ሳይ ጋሼ ድምፁን ሰምተው ነበር።

«አጥፋው! ቺንጋው ነው።»

ቺንጋው ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን የውሃ ፖምፓውንም ነው የሚያዞረው። ትንሽ ብንቆይ ሞተሩ ይፈላ ነበር። አጠፋሁት። ነፋሱ ጀልባውን አዞረና የሎኩ አፍ ላይ አጋድሞት ቁጭ አለ። ለአከራዮቹ ደወልኩ፤ መካኒክ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል አሉኝ።

እስከዚያ ግን መንገድ ዘግተናል። ገመድ ወረወርኩ። ውሻ ይዛ የምትሄድ ሴትዮ ያዘችው። ከታች ይመጡ የነበሩ ሁለት ባለጀልባዎች የራሳቸውን አስረው ሮጡ። ብስክሌት ላይ የነበረ ልጅ ብስክሌቱን ሣር ላይ ጥሎ መጣ። ከ15 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በአምስት ሰው ይነቃነቃል ብዬ አልጠበቅኩም። ውሃ ላይ ግን ቀስ ብለህ ከሳብከው ይመጣል። የ12 ዓመቷ ልጄም ገመዱን ይዛ ትስብ ነበር። ዳር አድርሰን አሰርነው። ማንም «ምን ነክቷችሁ ነው?» ብሎ አልገሠጸንም። ሴትዮዋ ጎጆዋ ቅርብ ነበርና ሄዳ ሻይ በቴርሞስ ይዛልን መጣች።

እዚህ አገር 14 ዓመት ኖሬአለሁ። ጎረቤቴን በስሙ አላውቀውም። «ፈረንጅ ለሰው ግድ የለውም» ስንባባል፣ እኔም ስል ኖሬአለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት መኪናዬ እዚያው ኤም1 ላይ ቆሞብኝ ነበር። ከብረቱ አጥር ጀርባ ሆኜ መኪና ጎታች ስጠብቅ በሺህ የሚቆጠር መኪና አለፈኝ። አንድም አልቆመም። ያኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ሳስበው በሰዓት 110 ኪሎሜትር የሚበር ሰው እንዴት ይቆማል? ሕጉም አይፈቅድለትም። ያው አገር፣ ያው ሕዝብ ነው። ከዛፎቹ ወዲህ፣ ቦዩ ላይ ያለው በእግር ፍጥነት ስለሚሄድ ፊትህን ያያል። አንዴ ካየህ ደግሞ ጥሎህ መሄድ ይከብደዋል።

ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ስለ አሰብ መንገድ አወሩልን። በነሱ ጊዜ ኤንትሬ ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ከኋላ ቅጠል ይደረደራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሹፌር ይቆማል። ካቻቪቴም ይሁን ውሃ፣ ያለውን ያወጣል። ከሌለው አብሮ ያድራል። «ሹፌር አይቶ ካለፈ» አሉ ጋሼ፣ «ወሬው ቀድሞት ሚሌ ይገባል። ሆቴል ሲደርስ አብሮት የሚበላ ያጣል።»

ዛሬስ አልኳቸው። ዝም አሉ። ከአዲስ አበባ አዳማ የተዘረጋውን ፈጣን መንገድ እኔም ሄጄበታለሁ፤ ደስ ይላል። እዚያ ላይ ግን ማን ለማን ይቆማል? በሌላውም መንገድ ፍርሃት ገብቷል፤ ጨለማ ላይ እጅ የሚያወዛውዝ ሰው ስታይ ማን እንደሆነ አታውቅም። መንገዱ ይሠራ፣ ይፍጠን። ግን እዚህ ፍጥነቱን ሲያመጡ የሚደወልበት ቁጥርና ልኩን ቺንጋ ጭኖ የሚመጣ መካኒክም አብረው አምጥተዋል። እኛ የሚቆመውን ሰው አጥተን የሚመጣውንም ካላገኘን ምን ይውጠናል? ይህ በእውነት ያሳስበኛል።

መካኒኩ በተባለው ሰዓት ደረሰ። ወጣት ነው። የጀልባውን ቁጥር አይቶ ከቫኑ ቺንጋ መዝዞ ወረደ። ጋሼም አብረውት ወረዱ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እሱም አማርኛ አያውቅም። ዲናሞውን አላልቶ ቺንጋውን አስገባና ወጥሮ አሰረው። ከዚያ ጋሼ አውራ ጣታቸውን መሐሉ ላይ አድርገው ጫን አሉት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ላልቷል። ልጁም በራሱ ጣት ሞከረውና እንደገና ወጠረው። ጋሼ ድጋሚ ጫኑት። ቺንጋው አንድ ጣት ያህል ብቻ ሰጠ። ልጁ ሳቀና ቺያቤውን ለጋሼ አቀበላቸው። የመጨረሻዋን ብሎን ያሰሩት እሳቸው ናቸው።

ለካ ጋሼ እኛ ስንጠብቅ ከአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብረው ከጀልባው ኋላ ሰክተው ኖሯል። ስንነሳ ነቀሉት። መንገዱ ላይ የወደቀውንም ቅጠል ለቃቅመው ጥግ ላይ አስቀመጡት። አገር ቤት ድንጋዩን መሐል መንገድ ጥሎ የሚሄደው ስንቱን ሰው እንዳስጨረሰ ስለሚያውቁ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጀልባውን መልሰን በመኪና በኤም1 ወደ ለንደን ተነሳን። መሽቷል፣ ይዘንባል። ዳር ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ነጭ መኪና ቆሟል። አጥሩ ጀርባ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች።

«ልጄ፣ ሰው ቆሟል እኮ» አሉኝ ጋሼ።

«እዚህ መቆም አይቻልም፣ ጋሼ። ደውላለች፤ ይመጡላታል።»

አልመለሱልኝም። አንገታቸውን አዙረው፣ መብራቱ ከዝናቡ ኋላ እስኪጠፋ ድረስ አዩት።