ለማላብ የሚከፈል ተጨማሪ ሂሳብ

የመርከብ ሽርሽር ትኬት ሲሸጥ «ሁሉም ተካቷል» ይባላል። አልጋው ተካቷል። ምግቡ ተካቷል። ማታ ማታ መድረክ ላይ የሚጨፈረውም ተካቷል። ሰው ይህን አምኖ፣ ኪሱን ቆልፎ መርከቡ ላይ ይወጣል። ሻንጣው ገና ክፍሉ ሳይደርስ፣ ነጭ በነጭ የለበሰች፣ ፈገግታ የማያልቅባት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀዋለች። «ስፓችንን ላስጎብኝዎት? ጉብኝቱ በነፃ ነው።»

መጠርጠር እዚህ ላይ ነው። መርከብ ላይ በነፃ የሚያስጎበኙህ ሊሸጡልህ ያሰቡትን ብቻ ነው። ወጥ ቤቱን ወይም ካፒቴኑ የሚሠራበትን ክፍል ማየት ቢያምርህ በብዙ መርከቦች ላይ እሱ ራሱን የቻለ ክፍያ አለው።

ጉብኝቱ ግን ደስ ይላል፣ አልዋሽም። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ሽታው ያፈዛል። ደረቅ ሙቀት ያለው ሳውና አለ፣ እንፋሎት የሚትጎለጎልበት ክፍል አለ፣ ከሥር እየተፍለቀለቀ ወገብ የሚደበድብ ሙቅ ገንዳ አለ፣ አንዳንዱ መርከብማ ከሙቀቱ ወጥተህ የምትንቀጠቀጥበት በበረዶ የተሞላ ክፍል ሳይቀር አለው። ሰውን የሚጥለው ግን ከውስጥ የሚሞቀው የሴራሚክ አልጋ ነው። ፊት ለፊቱ ትልቅ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ባሕር። ልጅቷ «እስቲ ይሞክሩት» ትላለች። ትጋደማለህ። ጀርባህ ሲሞቅ ኪስህም ይላላል።

ከዚያ ዕጣ አለ። ስምህን ትጽፍና ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ዕጣው ሲወጣ ደግሞ በአካል ካልተገኘህ አይሰጥህም። ስለዚህ ተመልሰህ ትመጣለህ። ስትመለስ አይደርስህም፣ ግን መጥተሃላ! በዚያው «እስከ ሽርሽሩ መጨረሻ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ የሚያስገባውን ሙሉ ፓስ የምንሸጠው ለተወሰነ ሰው ነው፣ ዛሬ ካልያዙ ነገ ላይኖር ይችላል» ትባላለህ። የሚያናድደው ነገር እውነቷን ነው። ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቀህ ትሄድ ነበር።

እዚህ ጋ የባልና ሚስት ስብሰባ ይጠራል።

«ስንት ዓመት ለፍተን እኮ ነው የመጣነው» ትላለች ሚስት።

«ቆይ እስቲ ላስላው» ይላል ባል፣ ስልኩን አውጥቶ።

ዋጋውን ለቀን ያካፍለዋል። አስደነገጠው። ለሰዓት ያካፍለዋል። ትንሽ ይሻላል። በደቂቃ ሲያሰላውማ እንዲያውም ትርፍ ያለው ይመስላል፤ ከዚህ በላይ ቢያወርደው መርከቡ የሚከፍለው ሳይሆን አይቀርም። ሚስት በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ቃል ሳትናገር ነጩን ጋውን ትለካለች። የእሷ ውሳኔ ያኔ አልቋል፣ ሂሳቡ ለወጉ ነው።

እኔ የማላምነው ከግዢው በኋላ የሚመጣውን ነው። ፓሱን የያዘ ሰው ዕረፍት ላይ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው። በማለዳ ይነሳል። ቁርሱን እንደነገሩ ጎርሶ ይሮጣል፣ ምክንያቱም ፓሱ የተወሰነ ነው ሲባል አልጋው ከፓሱም ያነሰ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ሲደርስ አንዱ አልጋ ላይ ፎጣ፣ ሌላው ላይ መጽሐፍ፣ ሦስተኛው ላይ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ባለቤቶቻቸው ቡፌ ላይ ናቸው። «ጸጥታ ይከበር» የሚል ጽሑፍ ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ሰውዬ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። መቀስቀስ እንዳትል ጸጥታውን ታውካለህ።

ሳውናው ውስጥ ያለው ጉድ ይብሳል። ደረቁ ሳውና እንደ ፊንላንዶቹ ከሆነ ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በር ላይ «ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀመጡ» ተብሎ ተለጥፏል። የከፈለ ሰው ግን ይህን አያነብም። ፊቱ በርበሬ መስሎ «ገና አልወጣሁም፣ ገንዘቤም አልወጣም» ብሎ ይቀመጣል። ማታ ክፍላቸው ሲገቡ ሚስቱን የሚጠይቃት «ደስ አለሽ?» ብሎ አይደለም። «ዛሬ ስንት ሰዓት ሠራን?» ነው።

የመርከቡ መንገድም ነገር አለው። ካሪቢያን የሚሄደውን አስበው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዴኩ፣ ማለትም የመርከቡ ሰገነት ላይ በነፃ ታልባለህ። ያንን ትቶ ውስጥ ገብቶ በገንዘቡ የሚያልብ ሰው ሌላ ሐሳብ አለው እንጂ ሙቀት ፈልጎ አይደለም። በዚያ ላይ መርከቡ በየቀኑ ወደብ የሚቆም ከሆነ ጠዋት ቆሞ ማምሻውን ይነሳል፤ ሰውየው ሊያያት ውቅያኖስ ያቋረጠባትን ከተማና የከፈለበትን አልጋ ማማረጥ ሊኖርበት ነው። ከተማዋን በስፓው መስኮት አይቶ «ቆንጆ ናት» ብሎ የተመለሰ ሞልቷል። አላስካ ወይም ፊዮርድ የሚባሉት በገደል መሃል የሚገቡ የኖርዌይ የባሕር ሰርጦች ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ብርዱ ሌላውን ሰው ዴክ ላይ ሲያንገበግበው አንተ ጀርባህን እያሞቅህ የበረዶ ግግር ታያለህ። እሱን እኔም እከፍልበታለሁ፣ በተለይ መርከቡ ወደብ ሳይነካ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ የሚውልባቸው ቀናት ከበዙ። ማዕበል ከተነሳ ግን ውሃው እየተማታ አደጋ ስለሚያመጣ ገንዳው ሊዘጋ ወይም ሊደፋ ይችላል። ያኔ ፓሱን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ባዶ ገንዳ ታያለህ፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ይህ ደግሞ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስልህ። በ1912 እ.ኤ.አ. የሰመጠችው ታይታኒክ የቱርክ መታጠቢያ የሚባል፣ በሙቀት የሚታላብበት ቤት ነበራት። የሚገባበት የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ብቻ ነበር፣ ጠዋት ሴቶች፣ ከሰዓት ወንዶች። ታዲያ ለእነሱም በነፃ አልነበረም፤ 4 ሽልንግ ወይም 1 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ከመርከቧ ሁሉ ውዱን ትኬት የቆረጠው ባለጠጋ በር ላይ ቆሞ ተጨማሪ ተጠይቋል ማለት ነው። ከታች በሦስተኛ ማዕረግ ከ700 በላይ ሰው ሁለት የገላ መታጠቢያ ገንዳ ደርሶታል። በ2005 እ.ኤ.አ. ባሕር ሥር የተላኩ ካሜራ ያላቸው ትናንሽ ሮቦቶች ያንን መታጠቢያ ሲያገኙት የግድግዳው ጌጠኛ ሸክላ ብዙው እንዳለ ነበር። ገንዘብ የሚያስገባ ክፍል እንዲህ ጠንክሮ ነው የሚሠራው።

እኔ እንደሚገባኝ የሚሸጠው ሙቀት አይደለም። የሚሸጠው ከሰው መራቅ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ ሲሞላ እስከ 7600 መንገደኛ ይይዛል። መጀመሪያ ከ7600 ሰው ጋር አንድ ላይ እንድትሆን ያስከፍሉሃል። ቀጥሎ ከ7600ው እንድትርቅ ያስከፍሉሃል። ሕፃናት ስፓው ውስጥ አይገቡም፣ ማይክ ይዞ የሚጮህ አስጨፋሪ አይገባም፣ ሰልፍ የለም። ለሦስት ልጆች አባት ይህ ቅንጦት ሳይሆን መድኃኒት ነው፣ እሱን ሂሳብ አልጠይቀውም።

ማሳጁን ከዚህ ጋር እንዳታምታታው። ፓሱ ክፍሎቹን ነው እንጂ የሰው እጅ አይጨምርም። ማሳጅ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ሂሳቡ ላይ ደግሞ ጉርሻው በብዙ መርከቦች ራሱ ተደምሮ ይመጣል። ጉዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዘይት በዘይት ሆነህ፣ ጋውን ለብሰህ፣ መነጽርህ የት እንዳለ ሳታውቅ ማሳጅ ያደረገችህ ልጅ «ትከሻዎ በጣም ተጨናንቋል» ብላ የምትገዛቸውን ቅባቶች ዝርዝር ትሰጥሃለች። ትከሻህ የተጨናነቀው ዝርዝሩን ስታይ ነው። ያለ ልብስ የዋጋ ክርክር ደግሞ ማንም አሸንፎ አያውቅም። የግድ ካማረህ ወደብ ላይ ቆመው ሰው ሁሉ ሲወርድ ጠይቅ፤ መርከቡ ባዶ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያደርጋሉ።

ክፍያውን የማይጠይቁም አሉ። ቫይኪንግ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከጀመራቸው የውቅያኖስ መርከቦቹ ላይ ሳውናውንም የበረዶ ክፍሉንም ለመንገደኛው ሁሉ ክፍት አድርጎታል። ሴሌብሪቲ የሚባለው ሌላ ኩባንያም አኳክላስ የሚባለውን የመኝታ ክፍል ለያዘ ሰው መግቢያውን ይሰጣል። በነፃ ነው እንዳትል ብቻ፣ ትኬቱ ላይ ቀድመው ወስደውታል። አንዳንድ መርከብ ላይ ደግሞ ጂሙ አጠገብ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ማንም የማይነግርህ ተራ ሳውና አለ፣ ያለ ምንም ክፍያ። የሚያስጎበኝህ ሰው ስለሌለ አታውቀውም።

እነዚያ ባልና ሚስት ግን አሁንም እያሰሉ ነው። ባል «ነገ እንወስን» አለ። በነጋታው እየተጣደፉ ሲሄዱ ፓሱ አልቋል። ሚስት ኩርፊያዋን እስከ እራት ድረስ ይዛው ቆየች። ባል ፊቱን አጨማድዶ «አይ፣ ልንገዛ ስንል እኮ አለቀብን» ይላል፣ ለአሳላፊውም ለጠረጴዛ ጎረቤቱም፣ ሊፍት ውስጥ ላገኘው ሰው ሁሉ። እንዲህ ከልቡ ሲዝናና ከተነሱ ጀምሮ ያየው የለም።