ሪሞቱ ማን እጅ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ቤት አዛዥ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጎራ ብሎ ሪሞቱ ማን እጅ እንዳለ ማየት ይበቃል። አንዳንድ ቤት አባት ናቸው፤ ዜናው ሳያልቅ ንክች የለም። አንዳንድ ቤት የቱርክ ድራማ የምትከታተለው ልጅ ናት። ብዙ ቤት ግን የአምስት ዓመቱ ማሙሽ ነው። የተቀረው ቤተሰብ በልመና ያያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዘመን ጣቢያው አንድ ስለነበር የሚያጣላ ነገር አልነበረም። ዲሽ ሲመጣ ጣቢያው በዛ፣ ሪሞቱም ሁለት ሆነ፤ አንዱ የቲቪው፣ አንዱ የሪሲቨሩ። አባት ጣቢያውን፣ እናት ድምፁን ይዘው ሲደራደሩ ያመሻሉ።

ሥልጣኑ ምን ያህል እንደሚጥም የሚታወቀው መብራት ሲሄድ ነው። ቲቪው ጠፍቷል፣ ሻማ ተለኩሷል፣ ጋሼ ግን ሪሞቱን ጨብጠው ቁጭ ብለዋል።

«ጋሼ፣ አሁን እንኳ ያስቀምጡት።»

«ድንገት ቢመጣስ?»

እንክብካቤው ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። አዲስ ቲቪ ሲገባ መጀመሪያ ልብስ የሚለብሰው ሪሞቱ ነው። ሽምብጥ ሰፈር ያለችው አክስቴ ሪሞቷን ላስቲክ ካለበሰችው ወዲህ ገላው አልታየም። ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል። ቁጥሮቹ ጠፍተዋል። ድምፅ መጨመሪያው የቱ ጋ እንዳለ በዳሰሳ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቤቷ ዓሣ በተጠበሰ ቁጥር ያ ላስቲክ የቆሮሶውን ቅባት ከእኛ እኩል ይካፈላል።

«አክስቴ፣ ይሄ ላስቲክ አይቀየርም እንዴ?»

«ተወው ልጄ፣ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሪሞት ብዙ አይፈልግም። ከቁልፎቹ ሥር አንድ ስስ ጎማ አለ፤ ስንጫነው ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ሰርኪዩቱን ይነካና ትእዛዙ ይሄዳል። የፈሰሰ ሻይና የጣት ቅባት እዚያ ሲገባ ነው ቁልፉ እምቢ የሚለው። ድንጋዩን አውጥቶ፣ በጥቂት አልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ነው። ድንጋይ ሲቀየርም ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ነው እንጂ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማጣመር አሮጌውን ያስተፋዋል። የተፋው ነገር የብረቱን ሽቦ ይበላል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። እኛ ልብስ ማልበስ ነው የምናውቀው።

አልሠራም ያለ ቀን ያ ሁሉ ክብር ይቀራል። መጀመሪያ ጭን ላይ ይመታል። ቀጥሎ መዳፍ ላይ። ከዚያ ድንጋዩ ይወጣና በጥርስ ይነከሳል፤ ቢፈነዳ የሚወጣው ነገር አፍ እንደሚያቃጥል የሚያስብ የለም። ጠዋት ደግሞ መስኮት ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ይሄ እንኳ ትንሽ እውነት አለው፤ ሙቀት የደከመን ድንጋይ ለአፍታ ያነቃዋል። የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ለዚህ አታንስም።

እሱም ካልሆነ ዓይን ሁሉ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይዞራል። የድንጋዩ ውፍረት የገጠመ ቤት ሰዓቱ አለቀለት። እኔ የማውቀው ቤት ዓመቱን ሙሉ አራት ሰዓት ከሩብ ነው። የሚገርመው፣ መለዋወጥ ቢያውቁበት ሁለቱም ይሠሩ ነበር። ሰዓት የሚፈልገው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። ሪሞቱ «ደከመኝ» ያለበት ድንጋይ፣ ጡረታ ሊወጣ እንደተቃረበ ሠራተኛ ቀለል ያለ ቦታ ቢዛወር ለወራት ሊያገለግል ይችላል።

ሪሞቱ ይሁን ቲቪው የታመመው፣ መለየቱ ቀላል ነው። የሪሞቱን ግንባር ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ ቁልፍ መጫን። ለዓይናችን የማይታየው ኢንፍራሬድ ብርሃን በብዙ ስልኮች ካሜራ ላይ ወይን ጠጅ መስሎ ብልጭ ድርግም ሲል ይታያል። ብዙዎቹ ሪሞቶች በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ነው የሚያርገበግቡት፤ ቲቪው ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን እንዲለየው። ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ነጥሮም ይደርሳል። እኛ ግን እጃችንን እንዘረጋለን፣ እንነሳለን፣ እየተጠጋን ሄደን ቲቪው አፍንጫ ሥር ቆመን እንጫናለን። ቲቪው ላይ ያለውን ቁልፍ መንካት ግን ሽንፈት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ገመድ አልባ ሪሞቶች እዚህ ቢመጡ ኖሮ ጉዳችን ፈልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ዩጂን ፖሊ የሚባል የዜኒት ኩባንያ መሐንዲስ የሠራው ሪሞት በተራ ብርሃን ስለሚሠራ፣ ፀሐይ ቲቪው ላይ ስታርፍ ጣቢያውን ራሷ ትቀይረው ነበር። በዓመቱ ሮበርት አድለር ድንጋይ ጭራሽ የማይፈልግ ሪሞት አመጣ፤ ውስጡ ያሉት የአሉሚኒየም ዘንጎች ሲመቱ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያወጣሉ። ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ፣ ቁልፍና ሳንቲም ሲንቃጨልም ጣቢያ ይቀየር ነበር አሉ። ጸናጽል ከሚንሿሿበት ደብር አጠገብ የሚኖር ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

አሁን ደግሞ ሪሞት የሚሆን ስልክ መጥቷል። ባለፈው ኳስ የሚያሳይ አንድ ቤት ተቀምጠን፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቡድኑ የተመራበት አንድ ጎረምሳ ከኋላ ሆኖ ስልኩን ነካ አደረገ። ቲቪው ድርግም።

«ኤጭ! መብራት ሄደ!» አለ ሰዉ በአንድ አፍ። አምፖሉ ከጭንቅላታችን በላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነው።

ባለቤቱ ገብቶት ወደ ሪሞቱ ሮጠ። ሪሞቱ ማንም እንዳይነካካው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ሚስቱ ጋ ነው። እሷ ገበያ ሄዳለች።