ይድረስ ለክቡር ትራፊ አሞክሳሲሊን፣ ባሉበት መሳቢያ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአፍንጫዬ መደፈን፣ ከጉንጬ ሕመምና ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ግንባሬን ወጥሮ ከሚይዘኝ ነገር በስተቀር ደህና ነኝ።

መቼም እርስዎ የማይገቡበት በሽታ የለም። የመጡት ለአንድ ዘመዳችን ጥርስ ነበር። ሕመሙ ሲተወው እሱም እርስዎን ትቶ ሄደ፤ ይኸው አራት ፍሬ ሆነው ከተበላሸ ቻርጀርና ካለቀ ባትሪ ጋር ተኝተው የቤቱ ሐኪም ሆነዋል። ሰው ባስነጠሰ ቁጥር መሳቢያው ይከፈታል። «ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል» ከተባለማ አለቀ፣ ሹመትዎ ጸደቀ!

አረንጓዴነቱ እኮ ምንም አይመሰክርም። ቀለሙን የሚያመጡት ለውጊያ የወጡት የራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ የሚዋጉት ቫይረስም ሆነ ባክቴሪያ ቀለሙ ያው ነው። እኔን የያዘኝ ድንገተኛ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች መቆጣት) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጉንፋን ቫይረስ ሥራ ነው። ጉንፋን ከያዛቸው 100 ሰዎች ወደ ባክቴሪያ ሳይነስ የሚዞርባቸው ሁለት ቢሆኑ ነው። እርስዎ አንቲባዮቲክ ነዎት፤ የሚያፈርሱት የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፣ ቫይረስ ደግሞ ግድግዳ የለውም፤ ታዲያ እዚያ ሄደው ምን ሊያፈርሱ ነው? የሆዴን ሰላም ካልሆነ።

ዝናዎ ግን ይገርመኛል። ሰው ሊሻለው ሲል እርስዎን ይውጣል፣ በማግስቱ ቀለል ይለዋል፣ ከዚያ «አሞክሳሲሊን ነው ያዳነኝ» እያለ ያገኘውን ሁሉ ይመክራል። በሰው ድል መፈረም ይችሉበታል።

ለጊዜው ሥራውን ለሌሎች ሰጥቻለሁ። ሕመሙን ፓራሲታሞል ይዞታል። አፍንጫዬን በጨው ውሃ አጥባለሁ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እንጂ ከቧንቧ በቀጥታ አይደለም። (መጀመሪያ ላይ የሰጠሙ ያህል ነው የሚሰማው፣ ይለመዳል።) አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይም አለ፤ እሱ ግን ከሦስት ቀን በላይ ካሰነበቱት መልሶ ይደፍናል።

10 ቀን ሞልቶት ምንም ካልተሻለኝ፣ ወይም ተሽሎኝ እንደገና ከባሰብኝ፣ ወይም ትኩሳቱ 39 ገብቶ ከወፍራም ንፍጥና ከፊት ሕመም ጋር ሦስት አራት ቀን አልለቅ ካለኝ ነገሩ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ዓይኔ ዙሪያ ካበጠ ወይም እይታዬ ከተምታታማ ቀን የምቆጥርበት ምክንያት የለም። ያኔም የምሄደው ሐኪም ዘንድ ነው፣ እርስዎ ዘንድ አይደለም። አንቲባዮቲክ ካዘዘልኝ በስሜ የታዘዘውን እንደታዘዘው እወስዳለሁ። በአራት ፍሬ ትራፊ የሚጠቀመው ባክቴሪያው ነው፤ ደካሞቹ ሲሞቱ የበረቱት እርስዎን ይለምዳሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ዕቃዎን ይሸክፉ። የቆየ መድኃኒት የሚቀበል ፋርማሲ አግኝቻለሁ። ጎንዎ ያለው የሳል ሽሮፕም ከእርስዎ ጋር ነው የሚሄደው፣ ይንገሩት።