«ገና መሠረት ላይ ናችሁ?»

ድሬ ላይ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የማትሠሩትም አንብቡና የሚሠራ ዘመዳችሁን «ገና ናችሁ?» እያላችሁ መጠየቅ አቁሙ።

ብራችን በሙሉ መሬት ውስጥ ገብቷል። ቁፋሮ፣ ድንጋይ፣ ገረገንቲ የሚሉት መሙያ አፈር፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ፉቲንግ፣ አሁን ደግሞ ግሬድ ቢም፣ ግድግዳው የሚያርፍበት የኮንክሪት ማሰሪያ። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ግን ቦታው ባዶ ነው። የቆመ ፌሮ፣ የአሸዋ ክምር፣ አንድ ዘበኛ፣ በቃ። አክስቴ ከመጋላ በባጃጅ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና «ገና መሠረት ላይ ናችሁ?» አለች። የዕድር ሰዎችም እንደዚሁ። አከራያችን ደግሞ «ቤት እየሠራችሁ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው መርቀው ኪራይ ጨመሩ። ቤቱ ገና አልደረሰም፣ ጭማሪው ግን ደርሷል።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ስለዚህ ሳይት ላይ የምውለው እኔ ነኝ። ይሄ ራሱን የቻለ ብሶት ነው። ግንበኛውን ስጠይቀው መልሱን ዞሮ ለቀን ሠራተኛው ይነግረዋል። አሸዋ ሻጩ «አባወራውን አገናኚኝ» ይላል። አባወራው ደወሌ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ወረፋ ይዟል ወንድሜ! ብሩን የምከፍልህ እኔ፣ አሸዋውን የምረከብህ እኔ!

አሸዋውንስ ቢሆን ዝም ብዬ አልረከብም። ዘዴው ቀላል ነው። ሃይላንድ እስከ ግማሹ አሸዋ ትሞላላችሁ፣ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ በደንብ ትንጣላችሁ፣ ከዚያ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ጭቃው ከላይ ይነጠላል። ጭቃው ከመቶ 6 እጅ ካለፈ ያ አሸዋ ሳይታጠብ ለኮንክሪት አይሆንም። ሹፌሩ ሃይላንዱን ይዤ ስቆም ሲያየኝ ሳቀብኝ። «አቦ፣ አታካብጂ! ድሬ በሙሉ በዚህ አሸዋ ነው የተሠራው» አለኝ። ሲኖውን ከነጭነቱ መለስኩት። ሲወጣ አልሳቀም።

«አቦ አታካብጂ» የማይዘጋው ጉዳይ የለም በዚህ ከተማ። ፍቅራችንም ጨዋታችንም እሱ ነው፣ እወደዋለሁ። ኮንክሪት ግን አቦ አይገባውም።

አሸዋና ጠጠር የሚለካበትን ሳጥን እዩት። ልኩ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። የኔ ግንበኛ ሳጥኑን አዙሮ ተቀምጦበታል፣ አሸዋውን በአካፋ ይገምታል። «እጄ ለምዶታል እህቴ» ይላል። ውሃውንማ አታንሱብኝ። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ፣ አንዲት ጀሪካን ማለት ነው፣ ይበቃዋል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ እንዲያውም ያንሳል። እነሱ ግን ለማገላበጥ እንዲቀላቸው እንደ ሾርባ ያቀጥኑታል። የበዛው ውሃ በኋላ ተንኖ ሲወጣ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ነው የሚሄደው። ያ ቀዳዳ ለነሱ አይታያቸውም። እነሱ የሉማ ያኔ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፀሐዩ!

የድሬን ፀሐይ ለድሬ ሰው አላስረዳም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው። ፀሐዩ ውሃውን ቀድሞ ከወሰደበት መጠንከሩን እዚያው ያቆማል። ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ በጥፍር ሲጭሩት ዱቄት ይሆናል። ለዚህ ነው በሌሊት ተነስቶ በጠዋቱ መሙላት ያለበት። ለዚህ ነው ቢያንስ 7 ቀን ጆንያ አልብሶ እርጥቡን ማቆየት የሚያስፈልገው። መሐንዲሶች የኮንክሪትን አቅም የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው። የኔ ሰዎች ግን በማግስቱ ብሎኬት ሊደረድሩበት ይፈልጋሉ። ጠዋት ስንጠብቃቸው ይዘገያሉ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ሚክሰሩ ይነሳል፣ ከዚያ የአወዳይ ጫት ከተማ መግባቱ ሲሰማ የተጀመረው ግማሽ ላይ ይቆማል። በርጫውን አልተቃወምኩም። ግሬድ ቢሙ ግማሽ ላይ ሲቆም ግን ያ መጋጠሚያ ዕድሜ ልኩን ደካማ ቦታ ሆኖ ይቀራል።

ውሃ ማጠጣቱ የኔ ሥራ ሆኗል፣ ሌላ ማን አለ? ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ ነው። በኛ ሰፈር ፈረቃው ካመለጠ በጋሪ ጀሪካን ማስጫን ነው። ማታ ማታ ጆንያውን ሳርስ ጎረቤቶቼ ያዩኛል። አንዷ ለሌላዋ «ሰው የሚጠጣው አጥቶ እሷ ድንጋይ ታጠጣለች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እውነቷን ነው፣ ያስቃል። እኔም ሳቅኩ። ማጠጣቱን ግን አላቆምኩም።

ስለ ሲሚንቶ ብዙ አልልም፣ ደሜ ይፈላል። በሀገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን የተተከለው እዚሁ ድሬ ላይ ነው። እኛ ግን ከደላላ ጋር ስንለማመጥ እንውላለን። ጠዋት የነገሩን ዋጋ ከምሳ በኋላ ሌላ ነው።

ደግሞ የወለሉ ከፍታ አለ። ቦታችን ከአንድ አሸዋማ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እኔ መሠረቱ ከመንገዱ በደንብ ከፍ ይበል አልኩ። ከፍ ይበል ማለት ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ገረገንቲ ነው። ግንበኛው «እዚህ ውሃ አይደርስም፣ ለምን ብርሽን ትቀብሪያለሽ?» አለ። የባለቤቴ ወንድምም «ያን ብር ለሴራሚክ አድርጉት» አለ። ሴራሚክ ይታያላ!

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሆኖ ድሬ ላይ መጣ። የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የወረደው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ደረቅ ወንዝ አይቶ ውሃ አይደርስም እንዴት ይለኛል? ገረገንቲው ተጨምሯል። ሴራሚኩ ይቆይ፣ በሊሾም ይኖራል።

አሁን ግንበኛዬ ሌላ ሥራ አግኝቶ ጠፍቷል፣ ስልኩም አይነሳም። ሳቢያን አካባቢ በሳጥን ለክቶ የሚሠራ፣ በጠዋት የሚገባ፣ ሴት ስትጠይቀው ለሴቷ የሚመልስ ግንበኛ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ዋጋው እንነጋገራለን። «እጄ ለምዶታል» የሚለውን ግን አትላኩብኝ፣ እሱ ነበረኝ።