13 ጊዜ አሸንፎ ከደጅ የተመለሰ ቡድን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2023 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች በታላሃሲ ከተማ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር። በዚያ የውድድር ዓመት 13 ጊዜ ተጫውተው 13ቱንም አሸንፈዋል። የኮንፈረንሳቸውን፣ ማለትም አብረው የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ምድባቸውን፣ ዋንጫ ያነሡት ገና በዋዜማው ነው። አራት ቡድኖች ብቻ ለሚገቡበት የብሔራዊ ሻምፒዮና ጥሎ ማለፍ ግን ሚሺጋን፣ ዋሽንግተን፣ ቴክሳስና አላባማ ተጠሩ። ፍሎሪዳ ስቴት አምስተኛ ተባለ። ቴክሳስም አላባማም በዚያው ዓመት አንድ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል።

ውሳኔው በደል ነበር። ያኔም እንዲሁ ነበር የተሰማኝ፤ ዛሬም ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ነገር አላገኘሁም።

የአሜሪካን ኮሌጅ ፉትቦል ለማይከታተል አንባቢ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በከፍተኛው ደረጃ የሚጫወቱት ቡድኖች ከ130 በላይ ናቸው፤ አንድ ቡድን በዓመት የሚገጥመው ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ እግር ኳስ ሊግ ነጥብ ደምሮ አንደኛውን ማወቅ አይቻልም። ከ2014 ጀምሮ አራቱን ይመርጥ የነበረው 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። ከአምስቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች የአንዱ ሻምፒዮን ሆኖ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ውጭ የቀረ ቡድን በዚህ አሠራር እስከዚያች እሑድ ድረስ አልነበረም።

የፍሎሪዳ ስቴት ጉዞ የተጀመረው ኦርላንዶ ላይ ሉዊዚያና ስቴትን 45 ለ 24 በማሸነፍ ነው። በዚያው ወር ክሌምሰንን በገዛ ሜዳው፣ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 24 ረቱ። የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ጆርዳን ትራቪስ ነበር። ኖቬምበር 18 ከኖርዝ አላባማ ጋር ሲጫወቱ በመጀመሪያው ሩብ እግሩ ተሰበረ። በዚያ ጨዋታ ቡድኑ 13 ለ 0 ተመርቶ ነበር። መሪያቸው በቃሬዛ ተሽከርካሪ ሲወጣ ያዩት ልጆች 58 ነጥብ አከታትለው አስቆጠሩና 58 ለ 13 አሸነፉ። በሳምንቱ ተተኪው ቴት ሮድሜከር የቆየ ባላንጣቸውን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን በሜዳው 24 ለ 15 እንዲያሸንፉ መራቸው፤ ነገር ግን እሱም ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ የቀረው ሦስተኛው ልጅ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ብሮክ ግሌን ነበር። ሻርሎት ላይ ሉዊቪልን 16 ለ 6 አሸነፉ።

ያ ጨዋታ ለዓይን አይማርክም ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን በዚህ ስፖርት አጥቂዎቹና ተከላካዮቹ ለየብቻ የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው። ሉዊቪልን ስድስት ነጥብ ላይ ያስቀሩት ተከላካዮች ትራቪስ በጤናው ሳለም እነሱው ነበሩ። አሰልጣኝ ማይክ ኖርቬል የገነባው ቡድን ከአንድ ክንድ በላይ መሆኑን ከዚህ ወዲያ በምን ያስረዳ?

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቡ ኮሪጋን ያቀረቡት ምክንያት ቡድኑ ያለ ትራቪስ የቀድሞው ቡድን አይደለም የሚል ነው። ዋና ተጫዋች መጉደሉን ማየት በኮሚቴው መመሪያ የተፈቀደ ነው፤ ደንብ ጥሰዋል አልልም። እኔን የሚያንገበግበኝ የ2014ቱ ነው። በዚያ ዓመት ኦሃዮ ስቴት ሁለት ኳርተርባኮቹን በጉዳት አጥቶ፣ በሦስተኛው ልጅ በካርዴል ጆንስ የኮንፈረንሱን ፍጻሜ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 አሸነፈ። አንድ ሽንፈት ነበረበት፤ ያም ሆኖ አራተኛ ተብሎ ገባ። ከዚያ አላባማን 42 ለ 35፣ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሦስተኛ ኳርተርባክ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሜዳው ራሱ አንድ ጊዜ አሳይቷቸው ነበር። ለኦሃዮ የተከፈተው በር ሽንፈት ላልነበረበት ቡድን ለምን ተዘጋ?

አላባማ ደካማ ነበር የሚል ሰው የለም። በምርጫው ዋዜማ ቅዳሜ 29 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ጆርጂያን 27 ለ 24 ረትቷል፤ በጥሎ ማለፉም በሚሺጋን የተሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት ነው። ግን አላባማ በሴፕቴምበር ቱስካሉሳ ላይ፣ በደጋፊዎቹ ፊት፣ በቴክሳስ 34 ለ 24 ተሸንፎ ነበር። ያ ሽንፈት በመዝገብ የሰፈረ ነው። የፍሎሪዳ ስቴት ሽንፈት ግን በግምት ብቻ የነበረ ነው።

የኮሚቴው ደጋፊዎች ዲሴምበር 30 ከጥሎ ማለፉ ውጭ በሆነው የኦሬንጅ ቦውል ጨዋታ ጆርጂያ ፍሎሪዳ ስቴትን 63 ለ 3 ማሸነፉን ያነሣሉ። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ከ20 በላይ የፍሎሪዳ ስቴት ተጫዋቾች፣ ገሚሶቹ ለፕሮፌሽናል ሊግ ራሳቸውን ለማቆየት፣ ገሚሶቹ ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር፣ ገሚሶቹም በጉዳት፣ በዚያ ጨዋታ አልተሰለፉም። ለዋንጫ ቢሆን ብዙዎቹ ሜዳ ላይ በሆኑ ነበር። ልባቸውን ሰብረው ካሰናበቷቸው በኋላ የተሰበረ ልባቸውን ምስክር አድርጎ መጥራት ደግሞ ሌላ በደል ነው።

ጥሎ ማለፉ ከ2024 ጀምሮ ወደ 12 ቡድን እንዲሰፋና ለስድስት (በኋላ ለአምስት) የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ቦታ እንዲጠበቅ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ፍሎሪዳ ስቴት ያመለጠው በአንድ ዓመት ነው። አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር ቡድኑ 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ እነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ሄደዋል።

በዚያች ዲሴምበር እሑድ ትራቪስ በማኅበራዊ ሚዲያ ጥቂት መስመር ጻፈ። ቡድኑ ከአንድ ኳርተርባክ በላይ መሆኑን ሰው እንዲያይ፣ እግሩ በውድድር ዓመቱ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ ብሎ ተመኘ። በመጨረሻም ይቅርታ ጠየቀ።