የካርቶን ሲኒማ

በስተርጅና ያገኘሁት ወንድ ልጄ አምስት ዓመት ሞልቶት እዚሁ በምንኖርበት በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። ባለፈው ጥቅምት ወላጆች ተጠርተን ሄድን። ያስቀመጡን በልጆቹ ወንበር ላይ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ኩባያ፣ ሦስት ባለ ቀለም እስክሪብቶ፣ ፕላስተር፣ አንድ ባትሪ፣ የላጲስ ቁራጭና ከአሮጌ መጫወቻ የወጣች አውራ ጣት የምታህል ሞተር ተዘርግቷል። መምህርቷ "በራሱ የሚሥል ነገር ሥሩ" አለችና ዝም አለች። አጠገቤ የተቀመጠው ያገሬ ሰው፣ ሌሊቱን መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ትምህርቱ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

ትምህርቱ ተጀምሮ ነበር። ኩባያውን ደፍተን ሦስቱን እስክሪብቶዎች እንደ ጉልቻ እግር አደረግንለት። ሞተሯን ከላይ አሰርንና የላጲሱን ቁራጭ በሞተሯ ዘንግ ላይ ወደ አንድ ጎን አዘንብለን ሰካነው። ባትሪው ሲነካ ላጲሱ ሚዛን አጥቶ ይሽከረከራል፣ ኩባያው ይንቀጠቀጣል፣ እስክሪብቶዎቹም ወረቀቱ ላይ እየዘለሉ ክብ በክብ ይጭራሉ። የጎረቤቴ መጀመሪያ ተደፋ። ላጲሱን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋው፣ ቆመ። አንዱን እግር አሳጠረው፣ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። ያን ጊዜ መምህርቷ መጥታ በርከክ አለችና "ወደ ግራ ብቻ ለምን ዞረ?" ብላ ጠየቀችው፤ መልሱን ሳትነግረው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች። ሰውዬው እንቅልፉን ረስቶ ሃያ ደቂቃ ያህል እግር ሲያሳጥርና ሲያስረዝም ቆየ። ሲወጣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።

እኔ ግን ወደ ቤት ስሄድ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጉለሌ፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ አንድ የሳሙና ካርቶን ውስጥ።

የእኔ ዘመን ያዲስ አበባ ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። የተቃጠለ አምፖል ይገኛል፤ ካልተገኘ ያልተቃጠለውም ይወሰድና እናት ማታ ስታበራ ጉድ ይፈላል። ከቂጡ በምስማር ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ የውስጡ ሽቦና ብርጭቆ ይወጣል፣ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። ካርቶኑ ፊትና ኋላ ይበሳል፤ አምፖሉ ከፊት፣ ከሲኒማ ቤት የተጣለው ቁራጭ ፊልም ከኋላው። አንድ ልጅ ደጅ ቆሞ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን በበሩ ሽንቁር በኩል ይልክልናል። ውስጥ ጨለማ ነው፤ ነጠላ ተሰቅሏል። መግቢያ አምስት ሳንቲም፤ የሌለው ሰው በአምስት ብይ ወይም በሃያ ቆርኪ ይገባል። ከሥራው ሁሉ ከባዱ የመስታወት ያዡ ነበር፤ ፀሐይ ስለምትሸሽ እጁን በየደቂቃው ማስተካከል አለበት፣ ደግሞ ሲኒማውን አያይም። ስለዚህ ደሞዙን በብይ እንከፍለው ነበር። ፊልሙን ደግሞ ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ ልጅ ሞኝ ነው፤ ተዋናዩ በጭንቅላቱ ቆሞ ይወጣል። ገልብጠህ ስታስገባው ነው የሚቃናው። ለምን ብለን አልጠየቅንም፣ ግን እናውቅ ነበር። አምፖሉን ወደ ፊልሙ ስታስጠጋው ሥዕሉ እንደሚተልቅ፣ ከልክ በላይ ስታስጠጋው ደግሞ እንደሚደበዝዝ ጣታችን ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ካርቶኑን ትምህርት ቤት ይዤ ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት ልናሳይ አስበን ነበር። አንድ መምህራችን አዩት፣ ነጠቁኝና መሬት አስቀምጠው በጫማቸው ረገጡት። "ጨዋታ ቤትህ!" አሉኝ። በዚያን ዘመን ይህ ከቅጣትም የሚቆጠር አልነበረም፤ ቂምም አልያዝኩባቸውም። የሚገርመኝ በኋላ የሆነው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እኚሁ መምህር ሰሌዳ ላይ ሆዱ የወጣ ሌንስ ሥለው፣ ጨረሩን በማስመሪያ አስምረው "ምስሉ እንዴት ሆኖ ይታያል?" ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት የካርቶን ሲኒማ ባለቤቶች ነበርን። አንድም እጅ አልወጣም። "የተገለበጠ፣ እውነተኛ፣ የገዘፈ" ብለው አስጻፉን፤ ሸመደድን፣ ተፈተንን። ያ የሰሌዳ ሌንስና የእኛ አምፖል አንድ መሆናቸውን የተረዳሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም ሳህን እያጠብኩ፣ ውሃ በሞላ ሆዱ ክብ የወይን ብርጭቆ ውስጥ መስኮቱ ተዘቅዝቆ ሳይ።

አሁን የምኖርባት ከተማ ለዚህ ነገር የቆየች ናት። በእንግሊዝኛ የሚያስተምረውን የአሜሪካ የመጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናት ኤልዛቤት ፒቦዲ እ.ኤ.አ. በ1860 የከፈተችው ከወንዙ ማዶ ቦስተን ውስጥ ነው። ሐሳቡ ከጀርመናዊው የትምህርት ሰው ከፍሮብል የመጣ ሲሆን፣ እሱ በ1837 ልጆችን የክር ኳስና የእንጨት ኪዩብ አስይዞ ቅርጽና ቁጥር ማስተማር ጀምሮ ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 መዋዕለ ሕፃናትን ከለከለ፤ ለካ በልጅ ጨዋታ የሚደነግጥ የእኛ መምህር ብቻ አልነበረም። ካምብሪጅ ውስጥ ደግሞ በ1967 የሒሳብ ሊቁ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ የተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ለልጆች ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ መሬት ላይ የምትሄድ ኤሊ መጣችለት። ልጁ "ሃምሳ እርምጃ ወደፊት፣ ዘጠና ዲግሪ ወደ ቀኝ" ብሎ ያዝዛል፣ ኤሊዋ እየሄደች ትሥላለች። ክብ ማሠራት ያቃተው ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ በገዛ እግሩ ክብ እንዲዞርና እግሩ የሚያደርገውን ለኤሊዋ እንዲነግራት ይመከራል። ሒሳብ በእግር ማለት ነው።

ፓፐርት የአፍሪካ ልጅ መሆኑን ያወቅሁ ዕለት ደስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፕሪቶሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ፣ አፉን በቅጡ ሳይፈታ በመኪና ጥርሳ ጥርስ የተለከፈ ሕፃን ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ የማባዣ ሰንጠረዥን ሲማር በራሱ ውስጥ የሚያዞረው እነዚያን ጥርሳ ጥርሶች ነበር፤ ይህንንም በኋላ ራሱ ጽፎታል። የእኔን አምፖል ከእሱ ጥርሳ ጥርስ ጋር ማወዳደሬ ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ልዩነታችን ዕቃው ላይ አይመስለኝም። የእሱ ዕቃ አልተረገጠም።

የእሱ ደቀ መዛሙርት እዚሁ ካምብሪጅ ባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤም አይ ቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ልጆች ትእዛዝ እየገጣጠሙ የራሳቸውን ጨዋታ የሚሠሩበትን ስክራች የተባለ ነፃ ፕሮግራም አወጡ፤ ፊደል ገና ላልለዩ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራው ታናሹ በ2014 ተከተለ። ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን የቋንቋ መምረጫዋን ምልክት ነክታ ትልቁን ስክራች በአማርኛ አደረገችልኝና "አባዬ፣ ይኸው ያንተ ቋንቋ" አለችኝ። "ያንተ" ማለቷ ከነከነኝ፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ካምብሪጅ ስለ አገሬ ልጆች ያወራችበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ ለድሃ አገር ልጆች ርካሽ ላፕቶፕ በማዳረስ የታወቀው የኤም አይ ቲ ሰው፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ስለተደረገ ሙከራ ተናገረ። የታሸጉ ካርቶኖች ውስጥ ታብሌቶች ያለ ምንም መመሪያ ለልጆች ተተዉ። በአራት ደቂቃ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፍተውት ተገኘ ተባለ። ዓለም "ጉድ!" አለ። እኔ አልገረመኝም፤ አምፖል ሳይሰብር የሚፈለፍል ልጅ ቁልፍ አያቅተውም። ከወሬው ውስጥ የያዘኝ ሌላ ነገር ነበር፦ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለሙያ ወደ መንደሩ እየመጣ የታብሌቶቹን ሜሞሪ ካርዶች ይቀይር ነበር። ትልቅ ሰው የሚመጣው ለካርዱ ነው። አጠገባቸው በርከክ ብሎ "ወደ ግራ ብቻ ለምን ዞረ?" የሚል ሰው ከሙከራው ሆን ተብሎ ወጥቷል።

እዚህ ያለውን ሁሉ ማር አስመስዬ እንዳላወራ፣ የፈረንጁን ጉድ ደግሞ ልናገር። እዚህ ጨዋታ ቀጠሮ አለው። ልጄ ከጎረቤት ልጅ ጋር ለመጫወት እናቶች ሁለት ሳምንት ሙሉ መልእክት ይለዋወጣሉ። ሠፈር የለም፤ አኩኩሉ የሚደበቁበት ጓሮ፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚያሰምሩበት አፈር የለም። ልጅ በራሱ ጊዜ የሚሰለችበት ሰዓት ስለሌለ የራሱን ነገር የሚፈጥርበትም ሰዓት የለም። አንድ ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ ለልጄ የሽቦ መኪና እየሠራሁለት ፒንሳውን እጁ ላይ ሳደርግለት፣ አንዲት ሴትዮ ጠመንጃ ያስጨበጥኩት ይመስል ልጇን እጁን ይዛ ራቀች። የበጋው የሮቦት ካምፕ ክፍያ ደግሞ እንደኛ ያለውን ቤተሰብ ከበሩ ይመልሳል። ባጠቃላይ እኛ በነፃ የነበረንን እነሱ በገንዘብ እየገዙት ነው።

አምና አዲስ አበባ ሄጄ እህቴ ቤት አረፍኩ። ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ ለልጇ የላክሁት ታብሌት የት እንዳለ ስጠይቅ፣ ቁምሳጥን ከፍታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። "ጋሼ፣ እንዳይሰብረው ብዬ ነው" አለችኝ። ማሸጊያ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። የአራት ዓመቱ ሕፃን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ ይሠራል፤ አንድ ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ "ቢ"። ሲጨርስ ወደ ደጅ ሮጠና ከሃይላንድ ጠርሙስ የተሠራ መኪናውን ይዞ መጣ፤ ጎማዎቹ የጠርሙስ ክዳን፣ ዘንጉ የጃንጥላ ሽቦ። የፊት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ! ማን አሳየህ ብለው "ማንም" አለኝ። እናቱ ልብሱን አየችና ጮኸችበት።

ትምህርት ቤቱም ሄድኩ። አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጣውን የክወናና ዕይታ ጥበባት መጽሐፍ አሳየችኝ። "መጽሐፉ አለ ጋሼ፤ ቀለም ነው የሌለው" አለችና ሳቀች። እሷ ግን ልጆቹን ከየቤታቸው እርድ፣ ከሰልና የቀይ ጡብ ስብርባሪ አስመጥታ በውሃ እያስበጠበጠች ታስላቸዋለች። እርዱ ሲደርቅ ለምን እንደሚፈዝ፣ ከሰሉ ለምን ከወረቀቱ እንደሚረግፍ፣ ሙጫ ቢገባበት ምን እንደሚሆን ራሳቸው ይሞክሩታል። ድሮ የቆሎ ተማሪ ከጥላሸት ቀለሙን፣ ከመቃ ብዕሩን በእጁ ይሠራ እንደነበረው ማለት ነው። "ታዲያ ወላጅ ምን ይላል?" አልኳት። "ደብተሩ ባዶ ነው ብለው ለርእሰ መምህሩ ይከሱኛል።"

ከሳሾቹን ሩቅ ሄጄ አልፈልጋቸውም። እዚህ በየቅዳሜው ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምረው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ከገበታው ላይ "ሀ ሁ ሂ" እያስባልን። ዘንድሮ ልጆቹ ፊደሉን በሊጥ ይሥሩት ብዬ ሐሳብ ባቀርብ፣ ከወላጆች አንዱ "እኛ በጨዋታ አልተማርንም" አሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ግን ዝም ብለው ቆይተው "አቡጊዳ ታዲያ ምንድን ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው። "ሀ ሁ"ን በዜማ የሸመደደ ልጅ ቅደም ተከተሉን እንጂ ፊደሉን ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ የኔታ ፊደሉን በሌላ ሥርዓት በታትነው "አ ቡ ጊ ዳ" ብለው ያመጡበታል። ልጁ ያኔ ሳይወድ በግዱ እያንዳንዱን ፊደል ፊቱን አይቶ ይለያል። ሊጡ ተፈቀደ። ከሁሉ ያስቸገረን "ጨ" ነበር፤ እግሮቿ አልቆም አሉ።

ባለፈው እሑድ የካርቶን ሲኒማውን ለልጆቼ ልሠራላቸው ተነሳሁ። ቁራጭ ፊልም ከየት ይምጣ? ደግሞ ያ ባለ ሽቦ የድሮ አምፖል እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ከመደብር ጠፍቷል፤ አሁን ያለው አምፖል ውስጡ ሰሌዳና ፕላስቲክ ነው፣ ተፈልፍሎ ውሃ አይሞላም። ክብ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ አገኘሁና ውሃ ሞላሁት። ልጄ በብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ላይ አንድ ፈረስ ሣለች። መብራቱን አጠፋን፤ በፀሐይ ፋንታ የእጅ ባትሪ ከኋላ አበራሁ። ፈረሱ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ።

"አባዬ፣ ተገለበጠ!" አለ ትንሹ።

"የተገለበጠ፣ እውነተኛ፣ የገዘፈ" የሚለው ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እህቱ ላስቲኩን አገላብጣ ታያለች። እሱ ደግሞ ትንሽ አሰበና ሄዶ ባትሪውን ከእጄ ላይ ተቀብሎ ዘቀዘቀው። ፈረሱ እንደተገለበጠ ቀረ። ባትሪውን አስቀመጠና የአበባ ማስቀመጫውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ውሃው እንዳለበት ረስቶታል።